ሉፐስ ኩላሊቷን የነካት እህቴ ኮሌስትሮሏ 342 ወጣ፣ ቅቤ እኮ አትበላም! ከየት መጣ?

የሐረጎ_ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ያገሬ ልጆች። ረዘም ይላል ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። እህቴ 26 ዓመቷ ነው፣ ሉፐስ አለባት፣ የሰውነት መከላከያ መልሶ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። መጀመሪያ ፊቷ ላይ ሲወጣባት ያየ ሁሉ ማድያት ነው እያለ ክሬም ሲያስቀባት ከረመ፣ ከዛ ጣቶቿና ጉልበቷ ያማት ጀመር፣ በመጨረሻ እግሯና አይኗ ስር ማበጥ ሲጀምር ነው ኩላሊቷ መነካቱ የታወቀው። አዲስ አበባ ሄዳ ባዮፕሲ (ከኩላሊቷ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሲመረመር) ተሰርቶላት ክላስ 4 ነው፣ ከከባዶቹ ደረጃዎች ነው አሏት። አሁን ፕሬድኒሶሎን 40፣ ማይኮፌኖሌት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን 200 እና ኢናላፕሪል ትወስዳለች፣ ክትትሏ ደሴ ነው።

ያሁኑ ጭንቀታችን ቅባቷ ነው። የመጨረሻው ወረቀት እንዲህ ይላል፡ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 342፣ ትራይግሊሰራይድ 410፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚሉት) 38፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚሉት) 222፣ አልቡሚን 2.1፣ የ24 ሰዓት ሽንት ፕሮቲን 4.8 ግራም፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት አሠራር የሚታይበት) 1.1። ይሄ ወረቀት ቤት ከገባ ጀምሮ እናታችን እንቁላሉንም ወተቱንም ስጋውንም ከልክላታለች፣ ልጅቷ እንጀራ በጎመን ብቻ ነው የምትበላው። እኔን ግን ያልገባኝ ነገር ድሮም ቅቤና ጮማ የምትወድ ልጅ አይደለችም፣ ጾሟን ጠብቃ የምትጾም ልጅ ናት፣ ክብደቷ 48 ኪሎ ነው እሱም እብጠቱ ተቆጥሮ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ቅባት ከየት ነው የመጣው? የኮሌስትሮል ኪኒን መጀመር አለባት ወይ? አንዴ ከተጀመረ እድሜ ልክ ነው ይላሉ፣ ጉበት ይጎዳል የሚልም አለ። ቀጠሮዋ ስለቀረበ ሐኪሟን ምን ምን እንጠይቅ? የምታውቁ ካላችሁ አትለፉኝ።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

አይዞህ ወንድሜ። አባታችንም ኮሌስትሮል ነበረባቸው። ጮማና ቅቤ አቁመው ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ማታ ደሞ ጥቁር አዝሙድ በማር ሲወስዱ ወረደላቸው። የሽፈራው ቅጠልም በሻይ መልክ ጥሩ ነው ይባላል። እኔ ኪኒኑ ባይጀመር እላለሁ፣ ልጅቷ የምትውጠው መች አነሳትና።

ጦሳ_ስር (ደሴ)

ኧረ በናታችሁ ለልጅቷ ምግብ ስጧት!! እኔ ራሴ ሉፐስ ያለብኝ ሴት ነኝ፣ ኩላሊቴም ተነክቶ ነበር፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የኔም ኮሌስትሮል በዛ ሰሞን ከ300 በላይ ነበር፣ ስጋ በአመት በዓል ካልሆነ የማላይ ሰው ነኝ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ምን በልታ ነው እያለ ያፋጥጠኝ ነበር፣ በጣም ነው የሚያመው፣ በሽታው ሳያንስ ሆዳም የተባልኩ ነበር የሚመስለኝ። ሐኪሜ ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ነገር፣ ቅባቱ ካፍሽ የገባ አይደለም ከኩላሊትሽ የመጣ ነው አለኝ። እውነትም የኩላሊቱ መድሃኒት መስራት ሲጀምርና ሽንቴ አረፋ ማውጣቱን ሲተው ኮሌስትሮሉም አብሮ ወረደ፣ ያኔ የቅባት መድሃኒት አልተጀመረልኝም ነበር ገና።

ስለዚህ የሐረጎ ልጅ፣ መጀመሪያ እናታችሁን አረጋጉልኝ፣ ፈርተው ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ሁለተኛ ደሞ እህትህ በዚህ ምክንያት ከዋናዎቹ መድሃኒቶች አንዱን እንዳታቋርጥ። ፕሬድኒሶሎን ቅባት ይጨምራል የሚል ነገር አንብባ በራሷ ያቆመች ልጅ አውቃለሁ፣ መጨረሻዋ ሆስፒታል መተኛት ነበር።

የውስጥ_ደዌ_ሬዚደንት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህትህን ሳላይ መድሃኒት ይጀመር አይጀመር ልልህ አልችልም፣ ግን ቅባቱ ከየት መጣ ላልከው ጥያቄ መልሱ በደንብ የታወቀ ስለሆነ ላስረዳህ፣ ጦሳ ስር የተባለችው እህታችን የጻፈችውም ትክክል ነው።

ኩላሊት ውስጥ ያለው ማጣሪያ እንደ ወንፊት ነው፣ ሉፐስ ሲያቆስለው ቀዳዳው ይሰፋና በደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን በተለይ አልቡሚን በሽንት ይፈሳል። በቀን ከ3.5 ግራም በላይ ሲሆን ኔፍሮቲክ ደረጃ ነው የምንለው፣ የእህትህ 4.8 ነው። አልቡሚን ሲያንስ ጉበት የጎደለውን ለመተካት ስራውን ያበዛል፣ አልቡሚን ብቻ ሳይሆን ቅባት ተሸካሚ ፕሮቲኖችንም አብሮ በብዛት ያመርታል። ይሄ ማምረቱ ነው። ማጽዳቱም ደሞ በዛው ልክ ይደክማል፣ ትራይግሊሰራይድን ከደም የሚያነሳው ላይፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባለው ኢንዛይም ይዳከማል፣ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙት የጉበት ተቀባዮች ይቀንሳሉ፣ ኤችዲኤልን የሚያጎለምሰው ኢንዛይም ደሞ ራሱ በሽንት ይወጣል። ምርቱ በዝቶ ጽዳቱ ሲያንስ ደም ውስጥ ይከማቻል ማለት ነው፣ ሰውየው ጎመን ብቻ ቢበላም።

በዚህ ላይ ሉፐስ ለብቻው፣ ኩላሊት ባይነካም እንኳን፣ የራሱ የቅባት ጠባይ አለው፡ ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ። በሽታው ሲነሳ ይብሳል። አንዳንድ የሉፐስ ታካሚዎች ላይ ያንኑ ላይፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል። ደሞ ኤችዲኤሉ ቁጥሩ ደህና ቢሆን እንኳን ደም ስርን የመጠበቅ ስራውን በአግባቡ ላይሰራ ይችላል፣ ስለዚህ ጥሩው ኮሌስትሮል አለኝ ብሎ መዘናጋት ሉፐስ ላይ አይሰራም።

ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። 40 ሚሊግራም ሲወሰድ ቅባትም ስኳርም የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል። ግን መፍትሄው ማቋረጥ አይደለም!! በሽታው በቁጥጥር ስር እየዋለ ሲሄድ በሐኪም እየተቀነሰ ወደ 5 ወይም ከዛ በታች ይወርዳል፣ አሁን ያሉት መመሪያዎች የሚሉት እሱን ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደሞ በተቃራኒው ቅባትን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል፣ ሰው ያቺን ኪኒን እንደ ትርፍ እያየ ይተዋታል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንዳትቋረጥ የምለምነው እሷን ነው። መጠኗ በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው፣ ለ48 ኪሎ 200 ልክ ነው። የአይን ምርመራ ግን ታድርግ፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ ከዛ በየጊዜው፣ ኩላሊት ሲደክም ደሞ ቶሎ ቶሎ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ታይሮይድ ተመርምራለች? ፕሮቲን በብዛት በሚፈስበት ሰው የታይሮይድ ሆርሞንም አብሮ ይፈሳል፣ ታይሮይድ ማነስ ደሞ ለብቻው ኮሌስትሮል ይጨምራል። አንዲት የደም ምርመራ ናት፣ ጠይቁ።

የሐረጎ_ልጅ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብራርቶ የነገረን ሰው አልነበረም። ታይሮይድ አልታየም። አሁን ካነበብኩት የገባኝ ኩላሊቱ ሲታከም ቅባቱም ይወርዳል ነው፣ እና እስከዛ ዝም ብለን እንጠብቅ? ስንት ጊዜ?

ላብ_ወሎ (ደሴ)

እኔ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ አንዲት ነገር ልበል ዶክተሩ እስኪመለስ። ያ 222 የተባለው ኤልዲኤል ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ በማሽን ተለክቶ ሳይሆን በሂሳብ ወጥቶ ይሆናል። ብዙ ቦታ የሚሰራው ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሶ፣ ከዛ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንሶ ነው። 342 ሲቀነስ 38፣ 304። 410 ለ5 ሲካፈል 82። 304 ሲቀነስ 82 ልክ 222 ይመጣል፣ አየህ? ችግሩ ይሄ ሂሳብ ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ሲሆን አይታመንም። ስለዚህ ከሱ ይልቅ 304ቱን ያዝ፣ ኤችዲኤል ያልሆነው በሙሉ ማለት ነው፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚጠቅማችሁ። ደሞ ምግብ በልታ ተሰጥቶ ከሆነ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ሊል ስለሚችል በባዶ ሆድ ይደገም በሉ። ከምርመራው በፊት ለ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ያለምግብ መቆየት ነው፣ ውሃ ይቻላል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ስትመጣ ያዞራት ይሆናል፣ ደም እንደሰጠች የምትበላው ነገር ቦርሳዋ ውስጥ ይኑር።

የ24 ሰዓት ሽንትም ሰው በብዛት ይሳሳትበታል። የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት ይደፋና ሰዓቱ ይጻፋል፣ ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ እስከ በነጋታው ያችው ሰዓት፣ የነጋታውን የመጀመሪያ ጨምሮ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከተረሳ ቁጥሩ ውሸት ነው። ይሄ ከከበዳት አንድ ጊዜ በተሰጠ ሽንት የፕሮቲንና የክሪያቲኒን ንጽጽር ማየትም ይቻላል፣ ለክትትል ይበቃል።

የውስጥ_ደዌ_ሬዚደንት

ላብ ወሎ እናመሰግናለን፣ 304ን መያዙ ትክክል ነው።

የሐረጎ ልጅ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። አንደኛ ፕሮቲኑን ማቆም። ለዚህ ማይኮፌኖሌቱ፣ ፕሬድኒሶሎኑ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑ አሉ፣ ኢናላፕሪሉም ለግፊት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ማጣሪያው ላይ ያለውን ግፊት ቀንሶ የሚፈሰውን ፕሮቲን ይቀንሳል። (ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር ፖታሲየምና ክሪያቲኒን በ1 እና 2 ሳምንት ውስጥ መታየት አለበት።) ጊዜውን ለጠየቅከው፣ የምንጠብቀው በ3 ወር የፕሮቲኑ ቢያንስ ሩብ፣ በ6 ወር ግማሽ እንዲቀንስ፣ በ12 ወር ደሞ ከ0.5 እስከ 0.7 ግራም በታች እንዲገባ ነው። ኔፍሮቲክ ደረጃ ላይ የጀመረ ሰው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ስለዚህ በ3 ወር 4.8ቱ 3.6 ከሆነ መድሃኒቱ አልሰራም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ሁለተኛ ስታቲን፣ የኮሌስትሮል ኪኒን ያላችሁት ማለት ነው። እዚህ ላይ ሐቁን ልንገርህ፣ ለሉፐስ ሁሉ ስታቲን ስጡ የሚል ማስረጃ የለም። በ2011 የታተመ ጥናት ላይ 200 የሉፐስ ታካሚዎች ግማሾቹ አቶርቫስታቲን 40 ግማሾቹ የማስመሰያ ኪኒን 2 ዓመት ወስደው የልብ ደም ስራቸው ላይ በሚከማቸው ካልሲየም (የደም ስር መደፈን ምልክት ነው) ልዩነት አልታየም። ልጆች ላይ የተሰራውም ጥናት ተመሳሳይ ነው ውጤቱ። በሌላ በኩል በዛው በ2011 የታተመ ሻርፕ የሚባል ከ9 ሺህ በላይ የኩላሊት ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ሲምቫስታቲን 20 ኢዜቲማይብ ከሚባል ሌላ የኮሌስትሮል መድሃኒት 10 ጋር ሲሰጥ ከደም ስር መደፈን የሚመጡ ከባድ ችግሮችን በ17 ፐርሰንት ቀንሷል። የኩላሊት መመሪያው እድሜያቸው 50 ለሞላ የኩላሊት ታካሚዎች ስታቲን ይመክራል፣ ከዛ በታች ለሆኑት ደሞ ስኳር፣ የልብ ደም ስር ሕመም፣ ስትሮክ ካላቸው ወይም የ10 ዓመት የልብ ሕመም ስጋታቸው ከ10 ፐርሰንት ካለፈ። 26 ዓመት ላይ በዛ ስሌት ዝቅተኛ ነው የሚወጣው፣ ግን ስሌቱ ሉፐስን ስለማይቆጥር አሳንሶ ነው የሚያሳይህ። ኔፍሮቲኩ ሳይወርድ ከቆየና ቅባቱም በዛው ከቀጠለ ብዙ ሐኪም ይጀምራል፣ በተለይ ግፊት ካለ። ቶሎ ምላሽ ከሰጠች ደሞ ጥቂት ወር አይቶ መወሰን ይቻላል። እኔ የምለው ሐኪሟን ትጀምር ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ፕሮቲኗ በሚቀጥለው 3 ወር ካልወረደ ዕቅዱ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ።

እድሜ ልክ ነው ወይ ላልከው፣ የሷ ዓይነቱ ቅባት ከኩላሊቱ ጋር የሚወርድ ስለሆነ በኋላ ሊቆም የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ጉበትን በተመለከተ ከባድ ጉዳት በጣም ብርቅ ነው፣ ይልቅ የጡንቻ ሕመም ነው መጠበቅ ያለበት።

ትራይግሊሰራይድ ደሞ ከ500 እያለፈ ሲሄድ፣ በተለይ ወደ 1000 ሲጠጋ፣ የቆሽት መቆጣት ያመጣል። ከላይ ሆዷን የሚቆርጥ ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሰኞ_ገበያ

ዶክተር እሺ ገባኝ፣ ግን ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ምን ይጎዳታል? ተፈጥሮ አይደል? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጥቁር አዝሙድ የተናገሩት አለ።

ፋርማሲስት_ፒያሳ (ደሴ)

እኔ ልመልስ ሰኞ ገበያ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳቦ ላይ የሚነሰነስ ጥቁር አዝሙድ ማንም አይከለክላትም። እኔ የምፈራው በብዛት እንደ መድሃኒት ሲወሰድ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደሞ በጠርሙስ ታሽጎ ለኩላሊት ለስኳር ለኮሌስትሮል እየተባለ የሚሸጠውን፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጽፍ የለም፣ ኩላሊት የሚጎዱ ዕጽዋት አሉ፣ የሷ ኩላሊት ደሞ ተጨማሪ ሸክም የሚችል አይደለም። አባትህ ላይ የሰራው እሷ ላይ የማይሰራበት ምክንያት ከላይ ዶክተሩ ነግሮሃል፣ የሳቸው ከምግብና ከዕድሜ ነው የሷ ከሚፈሰው ፕሮቲን ነው።

ከባህል መድሃኒቱ ይልቅ ግን እኔ በየቀኑ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፡ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። የሉፐስ ሰው መገጣጠሚያው ሲያመው ሱቅ ሄዶ ይገዛል፣ አንዳንዱም መርፌ ይወጋል። ኩላሊቱ ለተነካ ሰው፣ በዛ ላይ ኢናላፕሪልና ላሲክስ (የሚያሸናው ኪኒን) ለሚወስድ፣ ይሄ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክም ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ካልበቃ ሐኪሟ ይወቅ። እባካችሁ ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ የኩላሊት ታካሚ ናት በሉ።

ስታቲን ከታዘዘላት ደሞ እነዚህን ያዙ። አቶርቫስታቲን በኩላሊት ምክንያት መጠኑ አይቀየርም፣ በቀን በፈለገችው ሰዓት ትውሰደው። ሲምቫስታቲን ማታ ነው። ሮሱቫስታቲን ኩላሊት በጣም ከደከመ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም። አንዳንድ የሉፐስ ኩላሊት ታካሚዎች ሳይክሎስፖሪን ይሰጣቸዋል፣ እሱ ራሱ ኮሌስትሮል የሚጨምር መድሃኒት ነው፣ ከሲምቫስታቲን ጋር ደሞ በፍጹም አብሮ አይሰጥም፣ ጡንቻ ያፈርሳል። ክላሪትሮማይሲን ለጨጓራ ባክቴሪያ የምትወስዱትም እንደዛው፣ ከሲምቫስታቲን ጋር አይሄድም፣ አቶርቫስታቲንም ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭኗንና ትከሻዋን ያለምክንያት ካመማት፣ ከደከማት፣ ሽንቷ እንደ ኮካ ከጠቆረ ስታቲኑን አቁማ በዛው ቀን ትታይ።

እናት_ከገራዶ (ደሴ)

ልጆቼ እኔም የሉፐስ ልጅ እናት ነኝ። አንተ የሐረጎ ልጅ እናትህን አትቆጣ፣ እናት ምግብ ላይ ነው የምትይዘው ሌላ ምን በእጇ አለ። እኔም የሥነ ምግብ ባለሙያ እስካገኝ ድረስ ግራ ገብቶኝ ነበር። የነገሩኝን ልንገርህ፣ ፕሮቲን መጠኑ ይታወቃል፣ በኪሎ ከ0.8 እስከ 1 ግራም በቀን፣ ለእህትህ ወደ 40 እና 48 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም አለው፣ እንግዲህ ምስሩም ሽሮውም ባቄላውም ይቆጠራል። ከዛ በላይ ማብላት የፈሰሰውን አይተካም ይልቅ ፍሳሹን ያበዛል፣ ከዛ በታች ደሞ ልጅቷን ያከሳታል፣ ፕሬድኒሶሎን ጡንቻ ስለሚበላ በእግሯ መቆም ያቅታታል። እንጀራ በጎመን ብቻ ያልከው ልክ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሽሮና እንቁላል ጀምሩላት።

ዘይት ግን እውነት ነው ይታሰብበት። የኛ ደሴ ብርድ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፣ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የረጋ ዘይት ካየህ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ያለው የፓልም ዘይት ነው። እናንተ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ላይረጋ ይችላል፣ ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላታል፣ እሱም በትንሹ፣ ወጡ ላይ እስኪንሳፈፍ አይደለም። ጾም ላይ ሰው ቅባት አልበላሁም ይላል፣ ሳምቡሳውን ብስኩቱን ግን በዚህ በሚረጋው ጠብሶ ይበላል።

ጨው ደሞ በቀን ካንዲት የሻይ ማንኪያ በታች፣ ሁሉም ተደምሮ። በርበሬያችን ጨው አለበት፣ አዋዜውም፣ ዳቦውም። እኔ ለልጄ በርበሬ ያለጨው ለብቻ አስፈጭቼ አስቀምጣለሁ፣ የሷን ድስት ከቤቱ ድስት ሳልለይ ጨውን ሰው በሳህኑ ላይ ይጨምር አልኩ፣ ብቻዋን መብላት አልፈልግም ብላ ታለቅስ ስለነበር። ለስላሳና በስኳር የተመታ የአቮካዶ ጁስም ቀነስንላት፣ ትራይግሊሰራይድ ስኳርም ያበዛዋል ብለውኝ ነው።

ጦሳ_ስር

እትዬ እድሜ ይስጥዎ፣ ድስቱን አለመለየትዎ ብቻ ለልጅዎ ትልቅ መድሃኒት ነው።

እኔ ማለት የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፣ ስለ ደረት ሕመም። እኛ ሀገር ወጣት ሴት ደረቴን አመመኝ ስትል መልሱ ጨጓራ ነው ወይ ጭንቀት ነው። አንድ የማውቃት የሉፐስ ልጅ ገና በ30ዎቹ ውስጥ ሆና ደረቷን ጨምድዶ ግራ እጇ ድረስ ሲያማት የሄደችበት ቦታ ኦሜፕራዞል ሰጥተው መለሷት፣ በኋላ ሌላ ቦታ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሲነሳ ልቧ ነበር። እባካችሁ ዶክተር ስለዚህ በደንብ ጻፉበት፣ ቅባት ቅባት የምንለው ለቁጥሩ አይደለም እኮ ለልብ ነው።

የውስጥ_ደዌ_ሬዚደንት

በጣም ትክክል፣ እኔም ወደዛ ልመጣ ነበር። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ እድሜያቸው ከ35 እስከ 44 የሆኑ የሉፐስ ሴቶች ሉፐስ ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ከ50 ጊዜ በላይ ለሃርት አታክ የተጋለጡ ሆነው ነው የተገኙት። በቁጥር ሲታይ በዛ እድሜ ሃርት አታክ ብርቅ ስለሆነ ያ ማለት ሁሉም ይያዛሉ ማለት አይደለም፣ ግን ወጣት ናት ሴት ናት ብሎ መተው እንደማይቻል ያሳያል። ከ1976 ጀምሮም የሚታወቅ ነገር አለ፣ የሉፐስ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በበሽታው መነሳትና በኢንፌክሽን፣ ቆይቶ ደሞ በልብና ደም ስር ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ደረት የሚጨምድድ፣ ስትራመድ የሚብስ ስትቆም የሚተው፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለው ሕመም ከሆነ፣ ሉፐስ አለብኝ ኢሲጂ ይነሳልኝ ብላ በአፏ ትጠይቅ። ማፈር የለም።

ሌላው ኔፍሮቲክ ያለበት ሰው ደሙ ይረጋል። አልቡሚን እንዲህ 2.1 ሲወርድ ስጋቱ ከፍ ይላል፣ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው፣ ደም የሚያረጋ ፀረ እንግዳ አካል፣ ካለ ደሞ ይብሳል። ሁለቱም እግር ሲያብጥ ከኩላሊቱ ነው፣ አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ያ አንቲፎስፎሊፒድ ተመርምሮ ከሆነ ወረቀቱን ፈልጉት።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ባለቤቴ ናት ሉፐስ ያለባት፣ ኩላሊቷም ተነክቶ አሁን አልሐምዱሊላህ ፕሮቲኗ ወርዷል፣ አቶርቫስታቲንም ትወስዳለች። ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ አንደኛ ልጅ እንፈልጋለን፣ ሁለተኛ ረመዳን መጾም ትችላለች?

ፋርማሲስት_ፒያሳ

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ አላህ አፊያዋን ያብዛላት። ልጁን በተመለከተ ሳይታቀድ እንዳይመጣ ነው ዋናው ነገር። ማይኮፌኖሌት ጽንሱን ያበላሻል፣ ከማርገዟ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት ቆሞ በአዛታዮፕሪን ይተካል። ኢናላፕሪልና ሎሳርታንም እርግዝና ላይ አይወሰዱም። ስታቲንም አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን ይቀጥላል፣ እንዳታቆሙት። በሽታው ቢያንስ 6 ወር ተረጋግቶ ከቆየ በኋላ ነው የሚመከረው። እስከዛ መከላከያ ከፈለጋችሁ ኤስትሮጅን ያለባቸው የተለመዱት ኪኒኖች ኩላሊቱ ላይ በሽታው ንቁ ለሆነ ወይም አንቲፎስፎሊፒድ ላለባት ሴት አይሆኑም፣ ደም ያረጋሉ ትራይግሊሰራይድም ይጨምራሉ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ይሻላል። የሐረጎ ልጅ፣ ይሄ እህትህንም ይመለከታል፣ ባታገባም ታውቀው። ወንድም ሆነህ ለመንገር ከከበደህ ክትትል ክፍል ያለችው ነርስ ትንገራት።

ጾሙን በተመለከተ ማይኮፌኖሌት በ12 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱ በስሑር አንዱ በኢፍጣር ሰዓት ሊደረደር ይችላል ግን ኩላሊቷ በውሃ ጥም እንዳይጎዳ፣ በተለይ ላሲክስ ካለ፣ ሐኪሟ ክሪያቲኒኗን አይቶ ይወስን። በሽታው ንቁ ከሆነ ወይ ሽንቷ ፕሮቲን ካለው አትጹም። ለታመመ ሰው ዲኑ ራሱ ፈቅዷል።

እናት_ከገራዶ

ለክርስቲያኑም እንደዛው ነው ልጄ፣ የነፍስ አባቷ ያውቃሉ፣ በበሽታ ላይ ያለች ልጅ እንቁላል ብትበላ ይፈቱላታል። ሄዳችሁ ንገሯቸው።

የሐረጎ_ልጅ

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጣችሁ፣ አክባሪያችሁ ነኝ። የጻፋችሁትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ እትዬ የጻፉትን ደግመህ አንብብልኝ ብላኛለች። ለቀጠሮው ወረቀት ላይ የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው፡ ቅባቱ በባዶ ሆድ ይደገም፣ ታይሮይድ ይታይ፣ አንቲፎስፎሊፒድ ተሰርቶ እንደሆነ ይጣራ፣ የሽንት ፕሮቲኑ በ3 ወር ካልወረደ ዕቅዱ ምንድነው፣ ፕሬድኒሶሎኑ መቼ መቼ ይቀነሳል፣ አይኗ ይመርመር። የረሳሁት ካለ ጨምሩልኝ። ደሞ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ማይኮፌኖሌቱ አንዳንዴ የለም ይሉናል፣ በጤና መድህን ደብተር የሚገኘውም አልቆ ከውጭ ግዙ ይሉናል፣ ውጭም አይገኝም። ሲጠፋ ምን እናድርግ?

ፋርማሲስት_ፒያሳ

ዝርዝርህ ጥሩ ነው፣ የደም ግፊቷንና ፖታሲየሟን ጨምርበት። መድሃኒቱን በተመለከተ ፍለጋ የሚጀመረው ሲያልቅ አይደለም፣ 2 ሳምንት የሚሆን ሲቀር ነው። የኪኒኑን ስምና መጠን ከነማሸጊያው ፎቶ አንሱ፣ ደሴ ላይ ከጠፋ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ፎቶው ይላክ፣ በቃል የተነገረ ስም ስለሚምታታ። ፈጽሞ ከጠፋ በራሳችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ለሐኪሟ ደውሉ ወይ ሂዱ፣ በጊዜያዊነት ሌላ የሚተካበት መንገድ አለ። ማይኮፌኖሌት ጠፋ ተብሎ ፕሬድኒሶሎኑ አብሮ እንዳይቆም፣ እሱ ከወራት በላይ የተወሰደ ስለሆነ ባንዴ ከተቋረጠ ግፊቷ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ተቅማጥና ትውከት ይዟት ፕሬድኒሶሎኑ ሆዷ ውስጥ ካልቆየም ያው መቋረጥ ነው፣ በመርፌ እንዲሰጣት በዛው ቀን ውሰዷት።